የድምፅ መቅጃው ነፋስ ብቻ ሲቀዳ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለተፈጥሮ ክበባችሁ በሐይቅ ዳር ዛፍ ላይ ያሰሩት ኦዲዮሞዝ (በተያዘለት ሰዓት የሚቀዳ ትንሽ የድምፅ መቅጃ) ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲጀምር ቢያዙትም ከነፋስ በቀር የስደተኛ ወፎች ድምፅ እንዳልቀዳ፣ ካርዱም ቶሎ እንደሞላ ጽፈውልኛል። መሣሪያው የተበላሸ አይመስለኝም፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው።

ኦዲዮሞዝ ካልቀየሩት በቀር የሚሠራው ከእኛ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መለኪያ) ሰዓት ስለሆነ፣ 12:00 ብለው የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ነፋሱ የሚበረታበት፣ ወፎቹ ደግሞ ከሙቀቱ ሸሽተው ዝም የሚሉበት ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ ቅጂውን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ፤ ከመስጊዱ የአሱር አዛን ከተሰማ ጥርጣሬው አበቃ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ለመቅዳት በመሣሪያው ላይ ከ02:30 እስከ 05:00 ብለው ይሙሉ። ባትሪ በቀየሩ ቁጥርም ሰዓቱን እንደገና ያስተካክሉ።

ካርዱን የሞላው በላኩልኝ ቅንብር ላይ ያየሁት የ384 ኪሎኸርዝ የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ 384 ሺህ ጊዜ የሚለካበት) ነው፤ ይህ ለሌሊት ወፍ እንጂ ለዘማሪ ወፍ አያስፈልግም። በ48 ኪሎኸርዝ የአንድ ሰዓት ቅጂ 345 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ በዚህ መርሐ ግብር ከአንድ ወር በላይ ያስኬድዎታል። መቅጃውን ከሚወዛወዝ ቅርንጫፍ አውርደው ነፋሱ በማይመታው የግንዱ ጎን አጥብቀው ይሰሩት፤ ቅጠል እንዳይነካውም ይጠንቀቁ።

ቅጂውን ወፎችን በድምፃቸው በሚለየው በበርድኔት ፕሮግራም ሲመረምሩ ቦታውንና ሳምንቱን መሙላት አይርሱ፤ ያም ሆኖ ፕሮግራሙ የሰጠውን ስም በጆሮዎ ሳያረጋግጡ አይመዝግቡ። በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ መጥታ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች በከብት እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅመው ደረተ ቢጫ ወፍ ስትነሣ የምታሰማው ቀጭን ጩኸት ለተማሪዎቹ ጥሩ መለማመጃ ይሆናል።

መቅጃው ወፏ መድረሷን እንጂ የመጣችበትን መንገድ አይነግራችሁም። ለዚያ ብርሃንን የሚመዘግብ ጥቃቅን መሣሪያ በጀርባዋ ይታሰራል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ 25 ግራም ያህል የምትመዝን አንዲት የወፍ ዝርያ ከአላስካ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ በአንድ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደምትበር የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ይህ ግን ወፏን አጥምዶ መልሶ መያዝን ስለሚጠይቅ ሥልጠናና ፈቃድ ላላቸው ይተው፤ የእናንተ ክበብ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማበትን ቀን በየዓመቱ በዚያው ዛፍ ላይ ይመዝግብ።