ቀሚሱ ለምን ያሳያል? የድርና የማግን ሽፋን በስሌት ማወቅ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጨርቁን የሚሸምንልኝ ሰው ድሩንም ማጉንም ቁጥር 20 የፋብሪካ ክር ነው የሚያደርገው። ቆጥሬ በአንድ ኢንች ውስጥ 40 ድርና 36 ማግ አገኘሁ። ደንበኞቼ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ግን እግራቸው በጨርቁ ያሳያል። ሸማኔውን «ጠበቅ አድርገህ ምታው» ስለው «ከዚህ በላይ አይገባም» ይለኛል። ክሩ ጨርቁን ምን ያህል እንደሚሸፍን ማስላት ይቻላል? 75 ከመቶ እንዲሸፍንልኝ ብፈልግ ስንት ክር ልዘዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሮቹን ይዘሽ መምጣትሽ ግማሹን ሥራ አቅልሎልኛል። አብዛኛው ጠያቂ «ጨርቁ ሳሳብኝ» ብቻ ነው የሚለኝ፤ ከዚያ ተነስቶ ምንም ማስላት አይቻልም። ሸማኔሽ ደግሞ እያለገመብሽ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ያሳይሻል።

በመጀመሪያ የክሩን ውፍረት እንወቅ። «ቁጥር 20» ማለት ከአንድ ፓውንድ ክር እያንዳንዱ 840 ያርድ የሆነ 20 ቱባ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ፒርስ የተባለ የጨርቅ ተመራማሪ በ1937 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የተጠቀመበት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት (ስልክሽ ካልኩሌተር ላይ √ የሚለው ነው) በ28 ስታባዢ፣ አንድ ኢንች ለመሙላት ስንት ክር ጎን ለጎን መደርደር እንዳለበት ታገኛለሽ። የ20 ስኩዌር ሩት 4.47 ነው፤ በ28 ሲባዛ 125 ይሆናል። ያንቺ ክር እንግዲህ ምንም ክፍተት ሳይተው አንድ ኢንች እንዲሸፍን 125 ያስፈልጋል።

ድርሽ 40 ነው። 40 ለ125 ሲካፈል 0.32። ማግሽ 36 ነው፤ ለ125 ሲካፈል 0.288። ሁለቱን ደምረሽ 61 ከመቶ ተሸፍኗል እንዳትዪ። ድርና ማግ የሚደራረቡበት ቦታ ሁለቴ ተቆጥሯል፤ መቀነስ አለበት። የሚቀነሰው የሁለቱ ብዜት ነው፦ 0.32 በ0.288 ሲባዛ 0.092። 0.608 ሲቀነስ 0.092፣ 0.516 ይቀራል። ጨርቅሽ 52 ከመቶ ያህል ክር፣ 48 ከመቶ ያህል ቀዳዳ ነው ማለት ነው። ፀሐይ ላይ እግር ቢታይ ምን ይገርማል?

በነገራችን ላይ ይህ እንደ ጉድለት የሚታይ አይደለም። ያው ጨርቅ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚፈለገው እንደዚህ ሆኖ ነው፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነፋስ የማያስገባ ቀሚስ ማን ይለብሳል? የቆላ ደንበኛ ካለችሽ የዛሬውን ጨርቅ አትተዪው።

አሁን ወደ 75 ከመቶው እንምጣ። ድርና ማጉ እኩል እንዲሆኑ ከፈለግሽ እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ መሸፈን አለባቸው፦ 0.5 ሲደመር 0.5 ሲቀነስ 0.25፣ 0.75 ይሆናል። የ125 ግማሽ 63 ገደማ ነው። በዚያው በቁጥር 20 ክር 63 ድር በ63 ማግ ማለት ነው። ፋብሪካ ይህን ይሠራዋል። ነጋዴዎች «20 በ20፣ 60 በ60» የሚሉት በጣም የተለመደ የማሽን ጨርቅ አለ፤ ብታሰይው 73 ከመቶ ይመጣል። የእጅ ሸማኔ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ማግ በድሩ ላይ ዝም ብሎ አይተኛም፤ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ነው የሚያልፈው። ለመጎንበሻ ቦታ ይፈልጋል። በተራ ሽመና፣ ድርና ማጉ አንድ ዓይነት ክር ሆነው እኩል ሲጠጋጉ፣ ክሩ ክብነቱን እስካልለቀቀ ድረስ በሒሳብ መግባት የሚችለው ከሙሉው 58 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ለቁጥር 20 በኢንች 72 መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ቢመታ ክሩ ይደፈጠጣል እንጂ አይጠጋም። ወደዚያ ወሰን ስትጠጊ ደግሞ እያንዳንዱ ማግ ተመትቶ መምቻው ሲመለስ አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ማሽኑ ድሩን በብረት ወጥሮ ስለሚይዝ ይቋቋመዋል፤ በእጅ የሽመና ዕቃ ላይ ያን ያህል ሲወጠር ድሩ ይበጠሳል። «አይገባም» የሚልሽ ይህንን ነው።

ድሩን ማብዛት ደግሞ ለሸማኔው ሌላ ጣጣ አለው። ማጉን የሚመታበት ባለጥርሱ መምቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሪድ የምንለው፣ በኢንች የተወሰነ ጥርስ ነው ያለው። 40ውን 63 ለማድረግ ዕቃውን መለወጥ፣ ድሩን እንደ አዲስ ማድራትና ክሩን አንድ በአንድ ማስገባት ይጠይቃል። ማጉን መለወጥ ግን ማጉ የተጠቀለለበትን ቀሰም መለወጥ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ድሩን አልነካም።

በማግ በኩል ሦስት መንገድ አለሽ።

ቁጥር 10 ክር መግዛት የመጀመሪያው ነው። የ10 ስኩዌር ሩት 3.16፣ በ28 ሲባዛ 88.5። 36 ለ88.5 ሲካፈል 0.41፤ ከድሩ ጋር ሲሰላ 60 ከመቶ ይሆናል። ለውጥ አለው፣ ግን ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ እኔ የምመክርሽም ይኸው ነው። ያንኑ ቁጥር 20 ክር ሁለቱን ሳታከሪ አጣምረሽ በአንድ ቀሰም ላይ አስጠቅልዪ። አንዴ መወርወሪያው ሲያልፍ ሁለት ክር ጎን ለጎን ይገባል። በክብደት ከቁጥር 10 ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን ቁጥር 10 ክብ ሆኖ ሲቀመጥ ሁለቱ ያልከረሩ ክሮች ጠፍጠፍ ብለው ይተኛሉ። 36 ጥንድ ማለት 72 ክር ነው፤ 72 ለ125 ሲካፈል 0.576። ከድሩ ጋር 0.32 ሲደመር 0.576 ሲቀነስ 0.184፣ 0.712 ይመጣል። 71 ከመቶ! በተግባር ሁለቱ ክሮች አልፎ አልፎ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ያንሳል፤ በ60ና በ71 መካከል ሆኖ ወደ ላይኛው የሚያደላ ነው። ክሩን አክርራችሁ አንድ ካደረጋችሁት ግን ወደ 60ው ትመለሳላችሁ፤ ክሩን ለሚጠቀልለው ሰው ይህን ደግመሽ ንገሪው።

ሦስተኛው የእጅ ፈትል ነው። እዚህ ላይ የ28ቷን ስሌት አትመኛት፤ የወጣችው መካከለኛ ክረት ላለው የማሽን የጥጥ ክር ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ልል ስለሆነ በክብደቱ ከሚገመተው በላይ ይወፍራል። ስለዚህ በቀጥታ ለኪው፦ ማስመሪያ ላይ ሳትጫኚና ሳትወጥሪ ጎን ለጎን ጠምጥሚ፤ በአንድ ኢንች ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሪ። 70 ዙር ገባ እንበል። በክብደት ቁጥር 8 የሆነ ክር በስሌቱ 79 መሆን ነበረበት፤ ልዩነቱ የልልነቱ ነው። አሁን በ125 ፋንታ ለ70 ታካፍያለሽ። 36 ማግ ቢገባ 0.514፣ በጠቅላላው 67 ከመቶ። ሸማኔው 44 ካስገባልሽ 0.63፣ በጠቅላላው 75 ከመቶ ይደርሳል። 44 ደግሞ ድሩ በ40 ላይ እስካለ ድረስ ያለ ግብግብ ይገባል።

ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን የመንዝ ባና የምትሠሩ ሰዎች ግን ይህን ስሌት አትጠቀሙበት። የበግ ጠጉር ሲታጠብና ሲታሽ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ክር ቆጥሮ ሽፋኑን ማወቅ አይቻልም።

አሁን ስለ አቆጣጠርሽ። 40ና 36 ያልሺውን የቆጠርሽው ጨርቁ ዕቃው ላይ ሳለ ከሆነ ድገሚው። ጨርቅ ከውጥረት ሲወጣና ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ 100 ሳንቲ ሜትር የነበረው 94 ቢሆን 40 ድር የነበረው 42 ወይም 43 ሆኗል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይጎተት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚቆጠረው። ጠርዙ ላይ ክሩ ስለሚጠጋጋ ከጠርዝ አራት ጣት ያህል ገባ በዪ። በአንድ ኢንች ብቻ ከቆጠርሽ አንድ ክር መሳሳት ብዙ ያዛባል፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ቁጠሪና በ2.54 አባዝተሽ ለ5 አካፍዪ። ዓይን የሚያስቸግር ከሆነ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠሽ ክሩን በመርፌ እየመዘዝሽ ቁጠሪ። የእጅ ማግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከሦስት አራት ቦታ ወስደሽ አማካዩን ያዢ።

«ቁጥር 20 ነው» የተባለውንም አረጋግጪ፤ ገበያ ላይ ወረቀቱና ክሩ ሁልጊዜ አይስማሙም። ከጨርቁ 100 ክር ምዘዢ። እያንዳንዱን ቀጥ እስኪል ብቻ፣ ሳይለጠጥ፣ ለኪው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ውስጥ የነበረ ክር ሲቃና 21 ሊሆን ይችላል፤ በሽመናው የተጎነበሰው ነው። እንግዲህ 21 ሜትር ክር ይዘሻል። አንዱ ወርቅ ቤት ጎራ በዪና አስመዝኚው፤ የእነሱ ሚዛን የግራም መቶኛን ያነባል። ሜትሩን ለግራሙ አካፍለሽ በ0.59 አባዢው። 0.62 ግራም ከመዘነ 21 ለ0.62 ሲካፈል 33.9፣ በ0.59 ሲባዛ 20 ይወጣል። ክሩ እርጥበት ይስባልና በክረምት ዝናብ የተመዘነው ትንሽ ወፍሮ ቢታይሽ አትደነቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ከስሌቱ ውጪ ነው። ስሌቱ የሚነግርሽ ቀዳዳውን ብቻ ነው። ነጭ የጥጥ ክር ራሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። 75 ከመቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር የውስጥ ልብስ መታየቱ አይቀርም። ለደንበኛሽ «ጭራሽ አያሳይም» ብለሽ ቃል አትግቢ።

ሌላው መውጫ ድርብ ማድረግ ነው። ጋቢን ተመልከቺ፤ አራት ድርብ ነው። ያንቺው 48 ከመቶ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ሁለት ሲደረብ 0.48 በ0.48፣ 23 ከመቶ ቀዳዳ ይቀራል፤ አራት ሲደረብ 5 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ ምንም ሳትለውጪ ሁለት ብታደርቢው 77 ከመቶ ሽፋን አለሽ።

የትኛው ይሻላል? በክብደት እንየው፤ ክር የሚገዛው በኪሎ ነው። የዛሬው ጨርቅሽ በካሬ ሜትር 93 ግራም ያህል ይመዝናል። ጥንድ ማጉ 137፣ በእጅ ፈትል 44 የገባው 183፣ ሁለት ድርቡ 186 ግራም። ለአንድ ቀሚስ 4.5 ካሬ ሜትር ይወስዳል ብንል 420፣ 615፣ 825ና 835 ግራም መሆኑ ነው። የእጅ ፈትሉና ድርቡ ክር የሚበሉት እኩል ነው፤ ግን ድርቡ የሸማኔውን የሥራ ቀን በእጥፍ ያበዛል። የእጅ ፈትሉ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል፤ ቀሚሱ ግን ይከብዳል፣ ሲሰፋም እጥፋቱ ያብጣል። ጥንድ ማጉን አስቀድሚ፤ በአንድ ቀሚስ 200 ግራም ያህል ክር ነው የሚጨምርብሽ። በዚያው ድር ላይ ክንድ ክንድ ያህል በሦስቱም ማግ አስሠሪና አጥበሽ መስኮት ላይ ይዘሽ አወዳድሪ። ጥንዱ አሁንም ካሳየሽ ከወገብ በታች ያለውን ብቻ በዛሬው ስስ ጨርቅ ደርቢው፤ ደረቱና እጅጌው ነጠላ ሆኖ ይቅር።