አያትሽ የሚያውቁት ትምህርት ነው

እህቴ፣ ከቡራዩ የላክሽውን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። የዕፅዋት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በእንሰት ላይ መሥራት አምሮሻል። አባትሽ ግን «ከእንሰት ጓሮ ያወጣሁሽ መልሰሽ ልትገቢበት ነው? አካውንቲንግ ቀይሪ» ብለዋል።



አባትሽን አከብራለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። እሳቸውን አሳድጎ ለከተማ ያበቃቸው ቆጮ ነው። ዛሬም 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚኖረው በእንሰት ነው። ተክሉ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፣ ከደረሰ በኋላ ግን ዝናብ ቀረ ብሎ ቤተሰብ አይራብም፤ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆያል።

እኔ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ወረዳ ላይ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ነው። አንዲት እናት አሚቾውን፣ ማለትም የእንሰቱን ከመሬት በታች ያለ ወፍራም ግንድ፣ ሰንጥቀው፣ መሀሉን ፈልፍለው ፍግ ሞሉበትና ቀበሩት። ከወራት በኋላ ከዚያ አንድ አሚቾ በአስር የሚቆጠር ቡቃያ ወጣ። አራት ዓመት ስማር ይህን ያሳየኝ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን የተማርኩት ከእሳቸውና ከጎረቤቶቻቸው ነው።

አሁን አጠውልግ በሽታ ጓሮውን እየጨረሰው ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውንም ይበክላል። ወላይታ ውስጥ ማዚያ የሚሉት ዝርያ ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚቋቋመው ገበሬዎች ያውቃሉ። ይህን የመሰለ እውቀት ከአያትሽ ጋር ከተቀበረ ማን ይመልሰዋል? የዕፅዋት ዘረመል ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ለማዳን ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል፣ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማትም አግኝተዋል። የገበሬ ሥራ ነው ብሎ የናቀባቸው የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ መነሻ ደሞዙ ትንሽ ነው። ግን ለአንድ የባንክ ማስታወቂያ ስንት የአካውንቲንግ ምሩቅ እንደሚሰለፍ አንቺም አይተሻል። አባትሽ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ገና ሳትመረቂ ባንቺ ላይ መጣላቸውም ልክ አይደለም። ይህን በትህትና ንገሪያቸው፣ ግን ንገሪያቸው።

ለመስቀል አገር ቤት ስትሄጂ ደብተር ያዢ። አያትሽ ጓሮ ውስጥ ያለውን ዝርያ ሁሉ በስሙ ጠይቂያቸው፦ ለቡላ የትኛው ይሻላል፣ አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሰጠው የትኛው ነው፣ በሽታው ቀድሞ የገደለው የትኛውን ነው። ከዚያ ሆለታ ያለውን የምርምር ማዕከል ሄደሽ አናግሪ፣ ካንቺ ሰፈር መንገዱ አንድ ነው። ዝርዝሩን ስትጨርሺ ለእኔም ላኪልኝ።