ስልኬ ሲጮህ ልቤ ይደልቃል፤ እንደ አባቴ ልሆን ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 33 ነው፤ በአንድ ባንክ የሲስተም አድሚኒስትሬተር ነኝ። ሌሊት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፣ ደረቴን ያፍነኛል። ቅዳሜ ኳስ ስጫወት ግን ምንም አይለኝም። አንዱ አለቃ ስለ አንድ ሶፍትዌር «ዛሬ ማታ ጫነው» ሲለኝ ሌላው «እንዳትነካው» ይለኛል፤ ኤቲኤም ሲቆም ተጠያቂው እኔ ነኝ። እንቅልፍ ስላጣሁ የአክስቴን ዳያዜፓም (የማረጋጊያ ክኒን) ማታ ማታ መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ አሁን አንድ ፍሬ አልበቃኝም። የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል? አባቴ በ50 ዓመቱ ድንገት ነው ያረፈው።

መልስ፦ ቫይታሚኑን እንተወውና ከአባትዎ እንነሳ። ኳስ ሲጫወቱ ጠፍቶ ስልክ ሲጮህ የሚመጣ የልብ ምት አብዛኛውን ጊዜ የድንጋጤ እንጂ የታመመ ልብ ምልክት አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ስላለ ግን በዚህ ሳምንት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሱ፤ ግፊትዎን ይለኩ፤ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ያድርጉ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ሲሮጡ ደረትዎን ካመመዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ዳያዜፓሙ። ሁለት ወር ሙሉ፣ በሰው ማዘዣ! «እንቅልፍ ብቻ ነው የሚሰጠው» የሚሉኝ ሰዎች ብዛት ሰልችቶኛል። አንዱ ፍሬ አልበቃ ያለዎት ሰውነትዎ ስለለመደው ነው፤ ሁለት ቢያደርጉት ሁለቱንም ይለምደዋል። ከቢራ፣ ከአረቄ ወይም ከትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው አለ። በደም ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይም ጠዋት መኪና ሲያሽከረክሩ አብሮዎት ነው። ይህን አንብበው ደንግጠው ደግሞ ዛሬ ማታ እንዳይጥሉት! በድንገት ሲቋረጥ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ጭራሽ ይነሳል፤ አንዳንዱንም እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። መጠኑ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል ነው። የአክስትዎም መድኃኒት በእርስዎ ምክንያት እንዳይጎድል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ደካማ ሆነው አይደለም። ድርሻው ያልተለየለት፣ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ማንም ቢሆን ይታመማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህን መሰል በሥራ መዛል ከሥራ ቦታ የሚመነጭ ክስተት ይለዋል፤ በሽታ አላለውም። እኛ ሐኪሞች ዘንድ የዛሬ ተረኛ ማን እንደሆነ ተጽፎ ይለጠፋል። እርስዎም የሌሊት ተረኛ በተራ እንዲመደብ፣ ከሁለቱ አለቆች የማን ትእዛዝ እንደሚጸና በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ገድቦታል፤ ይህንንም ይዘው ይግቡ።

ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የክኒኑን ማሸጊያ ይያዙ፤ በቀን ስንት እንደሚወስዱም እውነተኛውን ቁጥር ይንገሩት።