ኮሶዬ ላይ የማይሞቅ ሂተር

ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ እወጣለሁ። ኮሶዬ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሂተሩን ስከፍተው ግን የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ረዳቱ በጨርቅ እየጠረገልኝ ነው የምነዳው። የሙቀት ጌጁም ከታች አይነሳም። አምና ውሃ እያፈላ አስቸግሮኝ ተሠርቶልኝ ነበር። ሂተሩን ላስቀይረው?»

ወንድሜ፣ ሂተሩን ለጊዜው አትንካው፤ ገንዘብህን ያዝ። ጌጁ አይነሳም ካልክ ችግሩ ያለው ሞተሩ ጋ ነው። እኔ የጠረጠርኩት «ተሠርቶልኝ ነበር» ያልከውን ነው።

የመኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ከምትሞላው ነዳጅ ጎማ ለማዞር የሚውለው ቢበዛ ሲሶ ያህሉ ነው፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል። ሂተር ማለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በውስጡ ያልፋል፣ አየር ይነፋበታል፣ አለቀ። ውሃው ካልሞቀ አየሩም አይሞቅም።

ውሃው ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርገው ቴርሞስታት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው እዚያው በሞተሩና በሂተሩ ውስጥ ይዞራል። ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ ያለው ሰም ቀልጦ ያብጥና መንገዱን ይከፍታል። እኛ ጋ ግን መኪና ውሃ ባፈላ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። ባለፈው ክረምት አንድ ሚኒባስ ከፍቼ ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ቤት ባዶ አገኘሁት፤ የቀረው የዝገት ክብ ብቻ ነው። በጣም ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ የሚያፈላው ራዲያተሩ ተደፍኖ ወይም ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት ነው፤ የሚጣለው ግን ጤነኛው ዕቃ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንደበረደው ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን እይ። ሲሞቅ በፍጹም እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ውሃ ሲጎድል አየር ሂተሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማህ እሱ ነው።

ከዚያ አስነሳና፣ እጅህን ከሚሽከረከር ነገር አርቀህ፣ ራዲያተሩን ዳስስ። ቴርሞስታት ካለው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በኋላ ይሞቃል። ገና ከመነሻው ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከመጣ ወይ ቴርሞስታት የለውም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ጌጁ ካልዋሸ ያንተ ይሄ ይመስለኛል።

ሞተሩ በደንብ ሞቆ እያለ ሂተሩ እምቢ ካለ ደግሞ ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ዳስስ። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ሂተሩ በዝገት ተደፍኗል ወይም ውሃ የሚያስገባለት ቫልቭ አልተከፈተም። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ የውስጡ የአየር መዝጊያ ወይም ገመዱ ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ስትገዛ ሳትገጥመው ድስት ውስጥ ቀቅለህ ሞክረው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባለ 82ቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ገደማ ስለሆነ ድስቱ ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው። ስትገጥመው ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር። ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ከላይ ትሁን። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላበት፤ ሂተሩን የሚደፍነው ዝገት ከዚያ ነው የሚመጣው። ዝገት የሚከላከለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንት አድርግበት።

እስከዚያው መስታወቱ እንዳይሸፈን አየሩን ከውጭ እንዲያስገባ አድርገው፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ውስጥ ሲዞር ነው የሚያደበዝዘው። ቴርሞስታቱ ገብቶም ውሃው እንደገና ካፈላ አታስወጣው፤ ራዲያተሩንና ክዳኑን አስፈትሽና ያገኙትን ጻፍልኝ።