መልስ፦ ሥዕሉ ለምን ደነዘዘ?

«የሳልኩት የገጠር ሥዕል ጸጥ ያለ ሳይሆን የሞተ መሰለ» ላልከው፦ የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል «የድርቆሽ ጋሪ» እየው። በ1821 እ.ኤ.አ. የተሳለ ነው፤ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ይገኛል። ቤቱ ግራ ዳር ነው፤ ጋሪው ወንዙ ውስጥ፤ ቀኝ በኩል ሜዳው እስከ ሩቅ ተዘርግቷል። ዓይንህ ከፊት ካለው ውሻ ተነስቶ ጋሪው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ሜዳው ላይ ያርፋል። ያ ክፍት ቦታ ነው ጸጥታውን የሚሰጠው። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሃል ደግሞ የጋሪው ፈረሶች ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ቀለም ነፍስ ትዘራበታለች። ደመናውም የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

አንተ ግን በሥዕልህ ጎጆውን ልክ መሃል ላይ ተክለኸዋል፤ አድማሱም ሸራውን እኩል ከፍሎታል። ጎጆውን ወደ ዳር ግፋው፣ አድማሱን ዝቅ አድርገው። ዛፎቹም በዝተዋል (ይሄ በሽታ እኔም አለብኝ)። ግማሾቹን አጥፋቸው።