«ርዕሱ ላይ ስንት ቃል ልደርድር?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ከነምላሾቹ አነበብኩት። ጅማ ውስጥ ገስት ሃውስ አለሽ፣ ዌብሳይትም አሠርተሻል። የቤቱን ስም ጎግል ላይ ስትጽፊ ይመጣል። «በጅማ የእንግዳ ማረፊያ» ስትይ ግን ድራሹ የለም። አንዱ ደግሞ «ቁልፍ ቃላቱን በሙሉ ርዕሱ ላይ ደርድሪያቸው» ብሎሻል። ስንት ልደርድር፣ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ ነው ያልሽው።

አትደርድሪ። እኔ ደርድሬ አይቼዋለሁ።

እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። የአጎቴን የእንጨት ሥራ ሱቅ ዌብሳይት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ርዕሱን ሁለቴ አበላሽቼ በሦስተኛው ነው የተስተካከለልኝ። ስለዚህ የማወራሽ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አይደለም።

መጀመሪያ የትኛው ርዕስ እንደሆነ እንግባባ። ገጹ አናት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ማለቴ አይደለም። ኮዱ ውስጥ ታይትል የሚባል አለ። ኮምፒውተር ላይ በብሮውዘሩ ታብ የሚታየው፣ ጎግል ላይ ደግሞ የሚጫኑት ሰማያዊ መስመር እሱ ነው። ስልክ ላይ ገጹን ከፍተሽ ስለማታዪው ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ሳይቱን የሠራልሽ ልጅም ረስቶት ሊሆን ይችላል። እስኪ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺውና ታቡን እዪ። «መነሻ» ወይም «ሆም» የሚል ከሆነ ግማሹ ችግርሽ እዚያ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት የንግድ ፈቃዱን መገልበጥ ነበር። የድርጅቱን ስም አስቀደምኩና «ባህላዊና ዘመናዊ የእንጨትና ብረታ ብረት ውጤቶች ማምረቻና ማከፋፈያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ብዬ ለጠፍኩት። አጎቴ በጣም ደስ አለው። ጎግል ግን መሃል ላይ ቆርጦ ሦስት ነጥብ አደረገበት። የቀረውን ያነበበ ሰው በርጩማ እንሽጥ የሬሳ ሳጥን ማወቂያ የለውም።

ሁለተኛው ላንቺ የተመከረው ነው። «በርጩማ፣ የጅማ በርጩማ፣ በርጩማ ዋጋ፣ ምርጥ በርጩማ፣ ዱካ፣ ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን» ብዬ ደረደርኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጎግል ላይ ብፈልገው የሱቁ ሰማያዊ መስመር «እንኳን ደህና መጡ» ሆኗል። ሳይቱ ተጠለፈ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ጎግል የእኔን ድርድር ትቶ ገጹ አናት ላይ በትልቁ የጻፍኩትን ሰላምታ አንስቶ ነው ርዕስ ያደረገው።

ይሄ ደግሞ እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጎግል በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ርዕስ የሚመርጥበትን መንገድ እንደቀየረ አስታውቋል። በቀጣዩ ወር ራሱ እንደተናገረው፣ ከ100 ጊዜ 87 ያህሉን ባለቤቱ የጻፈውን ታይትል ይጠቀማል። የቀረውን ከገጹ ላይ ካለ ሌላ ጽሑፍ ይወስዳል። ታይትሉ ባዶ ሲሆን፣ ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሲሆን ወይም በቃል ሲጨናነቅ ማለት ነው። ቃል ማጨቅ እንዲያውም ጎግል ማጭበርበርን በሚከለክልበት የስፓም ደንቡ ውስጥ በስሙ የተጠቀሰ ነው። ከምላሾቹ በአንዱ ላይ ደግሞ «ሜታ ኪወርድስ የሚለው ቦታ ሙዪው» የሚል አይቻለሁ። ኮዱ ውስጥ ቁልፍ ቃላት የሚዘረዘሩበት፣ ገጹ ላይ የማይታይ ቦታ ነው። እሱን ተዪው። ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የተናገረው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ነው። የአጎቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚጠየቀውን ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፍኩ። «የእንጨት ውጤት አላችሁ?» ብሎ የደወለ አንድም ሰው የለም። «ያ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ስንት ነው?» ነው ሁሉም። «ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው ወይስ የተገጣጠመ?» የሚሉም አሉ። ከዚያ ርዕሱን «የጅማ በርጩማ ከነዋጋው» ብዬ የሱቁን ስም ከኋላ አደረግኩት። ዋጋውንም ገጹ ላይ በእርግጥ ጻፍኩ፤ ርዕሱ ላይ ዋጋ ብለሽ ውስጥ «ይደውሉልን» ካልሽ ሰው ተናዶ ነው የሚወጣው። በትልቁ የጻፍኩትን ሰላምታም አንስቼ እዚያው «የጅማ በርጩማ» አልኩበት። ጎግል ከዚያ በኋላ አልነካብኝም።

ወዳንቺ ልምጣ። እንግዳ ሲደውልልሽ «የእንግዳ ማረፊያ አላችሁ?» ይላል እንዴ? «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። «አልጋ ስንት ነው?» «ሻወሩ የጋራ ነው የግል?» «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?» ነው። በአፉ የሚለውን ነው ስልኩም ላይ የሚጽፈው። «የእንግዳ ማረፊያ» የታፔላ ቋንቋ ነው።

ግን «አልጋ» የምትለዋ ቃል ጣጣ አላት፤ እኔን ጠይቂኝ። አጎቴም አልጋ ይሸጣል፣ ከነኮመዲኖው። የዚያን ገጽ ርዕስ «አልጋ በጅማ» ብዬው ነበር። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «ለዛሬ አልጋ አላችሁ?» አጎቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አለን፣ ግን ተሸክመህ ነው የምትሄደው።» እኛ ሳቅን፣ ሰውየው ግን መንገድ ላይ ነበር። በማግስቱ ርዕሱን «የሚሸጥ የእንጨት አልጋ» ብዬ ቀየርኩት። ያንቺንም ለብቻዋ አትተያት። «አልጋ በጅማ ከነዋጋው፣ ገስት ሃውስ» ብለሽ ከኋላ የቤቱን ስም ብታስከትዪ ለእኔ ይበቃል። ከዚያ በላይ አልጨምርም።

ስለ ርዝመቱ። እንግሊዝኛ ላይ ስልሳ ፊደል ገደማ ይላሉ። እሱም የጎግል ሕግ አይደለም። የሚቆርጠው ስክሪኑ ላይ በሚይዘው ስፋት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ያንን ቁጥር ወደ አማርኛ አታምጪው። ዋናውን ቃል ከፊት አድርጊ፣ የቤቱን ስም ከኋላ። ቢቆረጥም የሚቆረጠው ስምሽ ይሁን። ስምሽን የሚያውቅ ሰው ለማንኛውም ያገኝሻል።

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ ላልሽው፣ ርዕሱ ገጹ የተጻፈበትን ቋንቋ ይከተል። የጎግል ምክርም ይኸው ነው፤ ፊደሉም ጭምር አንድ ይሁን ይላል። አማርኛ ገጽ ላይ እንግሊዝኛ ርዕስ አታስቀምጪ፣ ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ አታጣብቂ። መጀመሪያ ግን ማን እንደሚያርፍብሽ አስቢ። ለምርቃት ልጁን ሊያይ የሚመጣ ወላጅ አለ። በሽተኛ ይዞ ሆስፒታል የመጣ አለ። የቡና ነጋዴ አለ። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ የመጣ ፈረንጅም አለ። ለፈረንጁ የእንግሊዝኛ ገጽ ለብቻው ሥሪለት። በአፋን ኦሮሞም አንድ ገጽ ብትጨምሪ አይከፋም፤ ከዙሪያችን ወረዳዎች የሚመጣው ሰው ብዙው በቁቤ ነው የሚጽፈው። በዚያ ቋንቋ የተዘጋጀ የማረፊያ ገጽ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ቦታው ክፍት ይመስለኛል።

አጻጻፉ ሌላ ራስ ምታት ነው። አንዱ «ጅማ» ይላል፣ አንዱ «ጂማ»። በላቲን ሲጽፉት አንድ ኤም የሚያደርግ አለ፣ ሁለት የሚያደርግ አለ። ቡና ላኪዎች ደግሞ ከፊት ዲ ይጨምሩበታል። እኔ ሰርች ኮንሶል በሚባለው፣ ጎግል ለሳይት ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ ላይ ሁሉም ዓይነት ሲመጣ አይቻለሁ። ርዕስ ላይ ሁሉንም መደርደር ግን ያው ድርደራ ነው። አንዱን መርጠሽ ጽኚበት። ሌላው ካስጨነቀሽ አድራሻውን ስትጽፊ አንድ ቦታ ጣል አድርጊው፣ በቃ።

ሰርች ኮንሶልን ካነሳሁ አይቀር፣ እስካሁን ካልከፈትሽ ዛሬ ክፈቺ። ነጻ ነው። ሰው ምን ብሎ ፈልጎ ገጽሽ እንደታየ፣ ስንቱ እንደተጫነ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። ብዙ ታይቶ ማንም ያልተጫነው ገጽ ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ርዕሱን ነው። ርዕስ ስትቀይሪም እዚያው ገብተሽ ገጹ እንደገና እንዲታይ ጠይቂ። ከዚያ ታገሺ። ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እኔ በየማታው እየቀያየርኩ የትኛው እንደሠራ ሳላውቅ አንድ ወር አባከንኩ።

ሳይትሽ ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ የተሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በዪ። ብዙ ጊዜ የሳይቱን ስም ራሱ ከኋላ ይቀጥላል። አንቺም ከጻፍሽው ስምሽ ሁለቴ ይመጣል፣ የጠበበውን ቦታ ይበላዋል። ሌላው፣ ሁሉም ገጽ የየራሱ ርዕስ ይኑረው። የክፍሎቹ ገጽ ስለ አልጋና ዋጋ፣ የአድራሻው ገጽ ስለ ሰፈሩ። እዚህ አገር ሰው በመንገድ ቁጥር አይፈልግም። «ዩኒቨርሲቲው አጠገብ»፣ «መናኸሪያ አካባቢ» ነው የሚለው። የአድራሻ ገጽሽ ርዕስ ላይ ሰው የሚያውቀውን ምልክት አስገቢ። በእርግጥ አጠገቡ ካለሽ ነው ታዲያ፤ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ «አጠገብ» አይሁን።

አሁን ደግሞ ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። ርዕሱን ብታሳምሪው እንኳ፣ «አልጋ በጅማ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ የሚመጣው ካርታው ነው። ጎግል ማፕ ላይ ቤትሽን ካላስመዘገብሽ ርዕስ ላይ ከመድከምሽ በፊት እሱን አድርጊ። ፎቶ ጫኚ፣ የሚሠራ ስልክ አስገቢ፣ ተመችቷቸው የሄዱ እንግዶች አስተያየት እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። እዚያ ላይ ግን ስምሽን ታፔላው ላይ እንዳለ ነው የምትጽፊው። «ምርጥ ርካሽ አልጋ ጅማ» እያሉ ስም ላይ መቀጠል በደንባቸው የተከለከለ ነው።

በነገራችን ላይ ርዕሱን ከቀየርሽ በኋላ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስትልኪው የድሮው ርዕስ ብቅ ቢል አትደንግጪ። ቴሌግራም የቀድሞውን አስቀምጦት ነው። ዌብፔጅ ቦት የሚባል የራሱ የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም መልእክት ስትልኪለት በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ሊንኩን ስትልኪለት ያድሰዋል። የክፍሎቹን ገጽ ርዕስ ስትጽፊ እዚሁ ሥር ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።