ልጄ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ወተት ይጠይቃል፦ ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ፤ በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትትል ላይ እሠራለሁ። ዛሬ የምመልሰው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆች ሊነጋ ሲል እየተነሡ ወተት ስለሚጠይቁበት ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ ወላጆች የደረሱኝን ጥያቄዎች ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ሲስተር፣ ልጄ አንድ ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። በየሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እያለቀሰች ትነሣለች፤ ጡጦዋን ጨርሳ ካልጠጣች አትተኛም። ርቧት ይሆን?

እህቴ፣ ቀን በደንብ የምትበላ ጤነኛ ልጅ በዚህ ዕድሜ ሳትጠጣ ማደር ትችላለች። በዚያ ሰዓት የሁላችንም እንቅልፍ ይሳሳል። እኛ ተገላብጠን እንተኛለን፤ እርሷ ግን ተመልሳ የምትተኛበትን መንገድ የምታውቀው በጡጦ ብቻ ነው። ወተቱ በየሌሊቱ በሰዓቱ ሲመጣ ደግሞ ሆዷ ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ እውነትም ይርባታል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አትከልክያት። 150 ሚሊ ሊትር የምትጠጣ ከሆነ በየሁለት ሦስት ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር እየቀነስሽ ሂጂ፤ የቀነስሽውን በእራቷ ላይ ጨምሪላት። ጥቂት ሲቀር ወተቱን አቁመሽ በኩባያ ውኃ ስጫት፤ ጀርባዋን እየደባበስሽ አስተኛት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብርዱን መርምሪ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር የሌሊቱ ብርድ የሚጠነክረው ልክ ሊነጋ ሲል ነው። እጇ ቢቀዘቅዝ አያሳስብሽ፤ እጅሽን አንገቷ ሥርና ደረቷ ላይ አድርጊ። እዚያ ከቀዘቀዘች ወይም ሽንቷ አርሷት ከሆነ የሚያስነሣት እርሱ ነው። ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ ከመደራረብ እግሯን ድረስ የሚሸፍን ወፍራም ልብስ አልብሰሽ አስተኛት። ከሰል ግን፣ እባካችሁ፣ በተዘጋ ቤት አንድዳችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም፣ ሽታው ባይሰማም ይገድላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ፣ እኛ ላም አለችን። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሌሊትም ቀንም ወተት እንደ ልቡ ይጠጣል፤ ምግብ ግን እምቢ አለኝ። ምን ልስጠው?

እማማ፣ ምግቡን የከለከለው ወተቱ ራሱ ነው። ሆዱ በወተት ሞልቶ ያድራል፤ ጠዋት ለገንፎው ቦታ የለውም። በዚህ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደም ማነስ ያመጣል፤ በላም ወተት ውስጥ አይረን የሚባለው ማዕድን በጣም አነስተኛ ነው፣ ከሌላ ምግብ የሚገኘውንም ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። የታችኛውን ዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርገው ይዩት፤ መዳፉንም ይመልከቱ። ነጣ ብሎ ካዩት ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋና ጉበት ይስጡት፤ ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ማዕድኑን ሰውነቱ በተሻለ ይወስደዋል። ሻይ ግን ያንኑ ስለሚያግድ አይስጡት። ምግቡ ይቅደም፣ ወተቱ ይከተል። ደግሞም ከላሟ ያለቡትን ሳያፈሉ እንዳይሰጡት፤ በጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል የትኩሳት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከላም ወደ ልጅ ይተላለፋሉ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይተኛል። የላይኛው የፊት ጥርሱ መበለዝ ጀምሯል።

ጡጦውን ዛሬውኑ ከመኝታው አውጪው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፤ ወተቱ ጥርሱ ላይ ያድርና ያበሰብሰዋል። የመጨረሻው ወተት በኩባያ ይሁን፤ ከዚያ ጥርሱን አጽጂለት፤ የበለዘውን ደግሞ ለጥርስ ሐኪም አሳዪ። ስኳር የምትጨምሩ ካላችሁም አቁሙ። በእናንተ ሙቀት ማታ ቀድቶ አልጋ አጠገብ ያደረ ወተት ንጋት ላይ ለልጅ አይሰጥም፤ ሲነሣ ውኃ ስጪው።

ከደብረ ሲና፦ እስካሁን ጡት አጠባዋለሁ፤ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ሌሊት ብከለክለው ይጎዳል?

የእናት ጡት ወተት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይመከራል፤ ካልከበደሽ ቀጥዪ። ከደከመሽ ቀን እያጠባሽው የሌሊቱን ብቻ ቀስ በቀስ መቀነስ ትችያለሽ። ሊነጋ ሲል አባቱ ቢያባብለው ይቀላል፤ ጠረንሽን አጠገቡ ሲያሸት መተው ይከብደዋል።

ከአንኮበር፦ ወንዱ ልጄ ማታ 1 ሰዓት ይተኛል፤ 11 ሰዓት ዶሮ ሲጮህ ይነሣና እምቢኝ ይላል። ወተት ሰጥቼ ላስተኛው?

ወንድሜ፣ ሰዓቱን ቁጠር። ከ1 እስከ 11 አሥር ሰዓት ነው፤ ቀን ሁለት ሰዓት ከተኛ አሥራ ሁለት ሞላ። በአንድና በሁለት ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው የቀኑ ተጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። ልጅህ እንቅልፉን ጨርሷል፤ ወተትም አያስተኛውም። መብራት አብራ፣ ከመኝታው አንሣው፣ ወተቱን ቁርሱ አድርገህ ተቀምጦ በኩባያ ይጠጣ። ንጋቱን ወደ ኋላ ለመግፋት ከፈለግህ የማታ መኝታውን በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት አዘግየው፤ መስኮቱንም በወፍራም ጨርቅ ጋርደው። ለውጡ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን መነሣቱ ድንገት የጀመረው ከሆነ፣ ውኃ ጥሙና ሽንቱ ከወትሮው ከበዛ፣ ከከሳ፣ ወይም እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ ሌላ ነገር ሳትሞክር ለሐኪም አሳየው።